ከወሎ ሆናችሁ ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ ስትማሩ ምኑን ታነባላችሁ፣ ምኑን ትተዋላችሁ?

ባለፈው ወር ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን እንደተቀመጥን አንድ ኢንተርን ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ቴሌግራም ላይ ያጠራቀማቸው ፒዲኤፎች ናቸው። ከሁለት መቶ ይበልጣሉ። «ዶክተር፣ ኢንተርቬንሽናል መግባት እፈልጋለሁ፣ ከየቱ ልጀምር?» አለኝ። አንዱንም ገና አልከፈተውም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነው። እኔ ሬዚደንት ሆኜ ስጀምር ይህንኑ የጠየቅኩት ሰው «ሁሉንም አንብብ» ብሎኝ ነበር፣ በዚያ መልስ ምክንያት አንድ ዓመት ያህል ከዚህም ከዚያም እየቆነጠርኩ አሳለፍኩ። ለልጁ በቃል የነገርኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ሙያውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስተዋውቅ። ሕመምተኛውን ሳንቀድድ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ወይም በኤክስሬይ እያየን፣ በመርፌ ቀዳዳ ገብተን የምናክምበት ሙያ ነው። መሠረቱ አንድ ቀላል ዘዴ ነው። ሴልዲንገር የሚባል ስዊድናዊ ራዲዮሎጂስት በ1953 አሳተመው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በመርፌ ትወጋላችሁ፣ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ታስገባላችሁ፣ መርፌውን ታወጣላችሁ፣ ካቴተሩን፣ ማለትም ቀጭኑን ቱቦ፣ በሽቦው ላይ ታንሸራትታላችሁ። በቃ። በ1964 ደግሞ አሜሪካዊው ዶተር እግሯ እንዲቆረጥ አልፈቅድም ያለችን የ82 ዓመት ሴት የጠበበ ደም ስር በዚሁ መንገድ ከፈተላት። ዛሬ የምታነቡት ነገር አብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ነው።

መጽሐፍ ከመክፈታችሁ በፊት ደብተር ክፈቱ

የመጀመሪያው እርምጃ ንባብ አይደለም። አንድ ወር ሙሉ፣ በራውንድም በዲዩቲም፣ በመርፌ ወይም በቱቦ ሊረዳ ይችል የነበረ ሕመምተኛ ባያችሁ ቁጥር አንድ መስመር ጻፉ። ስም አይጻፍ። ሕመሙና ምን ቢደረግለት ይሻለው እንደነበር ብቻ። ጉበቱ ውስጥ መግል የቋጠረ። ኩላሊቱ በጠጠር፣ ወይም ደግሞ በማሕፀን በር ካንሰር ተዘግቶባት ሽንቷ ወደ ኋላ የሚመለስ። የሐሞት ቱቦው ታፍኖ ዓይኑ ቢጫ የሆነ። ሳንባው ዙሪያ ውሃ የያዘ። ዕጢው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የከረመና ናሙና የሚያስፈልገው። ወልዳ ደሟ አልቆም ያለ እናት።

በእኛ አካባቢ አንድ የሚጨመር ነገር አለ። ከሐይቅ፣ ከከሚሴ፣ ከመርሳ አካባቢ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጣፊያው አብጦ፣ ደም እያስታወከ የሚመጣ ሰው ታያላችሁ። ከጀርባው ብዙ ጊዜ ብልሃርዝያ ይገኛል። የትሉ እንቁላል በጉበት ውስጥ ባሉት የደም ስሮች ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል፣ ከአንጀት ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ግፊቱ ይጨምራል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ይወርዳል። ጉበቱ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ሥራውን ደህና ይሠራል። በውጭ አገር መጻሕፍት ስለዚህ ግፊት የሚያወራው ምዕራፍ በአብዛኛው ከመጠጥና ከሄፓታይተስ በሚመጣው የጉበት መጨማደድ ላይ የተመሠረተ ነው። ቴክኒኩ አንድ ነው፣ ሰውየው ግን አንድ አይደለም። ይህን ልዩነት ደብተራችሁ ላይ ሳትጽፉ መጽሐፉን ብትከፍቱት መጽሐፉ የራሱን ሕመምተኛ አስይዟችሁ ይሄዳል።

ወሩ ሲያልቅ ዝርዝሩን ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው ጥሩ አልትራሳውንድ፣ መርፌና ቱቦ ካለ እዚሁ ሊሠራ የሚችለው ነው። ሁለተኛው የአንጂዮግራፊ ማሽን፣ ማለትም ደም ስርን በኤክስሬይ የሚያሳይ ማሽን፣ ስለሚፈልግ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የሚላከው ነው። በመጀመሪያው ዓመት አብዛኛው ንባባችሁ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ይሁን። ብዙ ልጆች በተቃራኒው ነው የሚሄዱት፤ ያበጠ የአንጎል ደም ስር ስለሚዘጋበት ኮይል ሌሊቱን ሲያነቡ ያድሩና ጠዋት የመግል ቱቦ እንዴት እንደሚታጠብ አያውቁም።

ሲለበስ ያውጡ

ሰርሲ የሚባለው የአውሮፓ የሙያ ማኅበር የኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ ካሪኩለምና ሲለበስ (የሚሠለጠንባቸው ርዕሶች ዝርዝር) አለው፣ ከድረ ገጹ በነፃ ይወርዳል። አውርዱት፣ ግን እንደ መጽሐፍ አታንብቡት። ከደብተራችሁ ጎን አስቀምጡትና አመሳክሩ። ደብተሩ ላይ ኖሮ ሲለበሱ ላይ ያጣችሁት ካለ በእኛ አገር የሚበዛ ነገር ነውና ራሳችሁ ልትፈልጉት ነው። ሲለበሱ ላይ ኖሮ ደብተሩ ላይ ያላያችሁትን ደግሞ በእርሳስ አስምሩበት፣ ለሁለተኛው ዓመት ይቆያል። ሥራው አንድ ከሰዓት ቢፈጅ ነው።

አንድ ትንሽ መጽሐፍ፣ አንድ ትልቅ መጽሐፍ

ትንሹ ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ ነው። ትልቁ ሲቸግራችሁ ብቻ የሚከፈት። ከትናንሾቹ የኬሰልና የሮበርትሰን «ሰርቫይቫል ጋይድ» ለጀማሪ እንደ ሲኒየር አጠገባችሁ ቆሞ የሚያወራ ዓይነት ነው፣ እኔ የጀመርኩት በሱ ነው። ካንዳርፓ ከሌሎች ጋር ያዘጋጀው የፕሮሲጀር ሃንድቡክ ደግሞ በአጫጭር ነጥቦች የተደራጀ ስለሆነ ከሥራ በፊት ባለችው አሥር ደቂቃ ለመከለስ ይመቻል። ሌላም ብትመርጡ ግድ የለም። ግን ከመምረጣችሁ በፊት ፈትኑት።

አፈታተኑ እንዲህ ነው። መቅድሙን ዝለሉና አንድ ምዕራፍ ብቻ ውሰዱ። እኔ ሁልጊዜ ኔፍሮስቶሚን ነው የምወስደው፣ ማለትም በጀርባ በኩል ወደ ኩላሊት ቱቦ ማስገባትን፣ ምክንያቱም በየትኛውም ሆስፒታል አይጠፋም። ከዚያ አምስት ጥያቄ ይዛችሁ አንብቡት። ለማን ይሠራል፣ ለማንስ አይሠራም? ዕቃው ከነቁጥሩ ተጽፏል? መርፌው በየት በኩል ገብቶ የት እንደሚያርፍ ግልጽ ነው? ችግር ሲፈጠር ምን ይደረጋል? ከሥራው በኋላ ቱቦው እንዴት ይያዛል፣ መቼስ ይወጣል?

ጥሩ ምዕራፍ «ኩላሊቱን ውጉ» ብሎ አይተዋችሁም። በኋላና በታች በኩል ወዳለችው የኩላሊት ጽዋ፣ በኩላሊቱ ሥጋ ውስጥ አልፋችሁ ግቡ ይላችኋል፣ ምክንያቱንም ይነግራችኋል፤ በዚያ መስመር ትልልቅ ደም ስሮች ያንሳሉ፣ ሥጋውም ቱቦውን ዙሪያውን ይይዘዋል። ሽንቱ መግል ከሆነና ሕመምተኛው የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ካለው ደግሞ ኮንትራስት፣ ማለትም በኤክስሬይ የሚታየውን ፈሳሽ፣ በብዛት አትግፉ፣ ግፊቱ ጀርሙን ወደ ደም ይልከዋል፣ ቱቦውን አስገቡና ውጡ፣ ሥዕሉ ነገም ይነሳል ይላችኋል። መጽሐፉ ይህን ካልነገራችሁ ሥዕሎቹ ምንም ቢያምሩ አስቀምጡት።

ከአምስቱ ጥያቄዎች አራተኛው ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሁሉም ነገር በሰላም ሲሄድ ምን እንደሚደረግ የሚጽፍ ብዙ ነው። ደም ሲመጣ፣ ሽቦው ሲታጠፍ፣ ቱቦው ሲዘጋ፣ ሕመምተኛው ድንገት ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚደረግ የሚጽፍ ግን የሠራ ሰው ብቻ ነው። አንድ ምሳሌ ልጨምር። የጉበት ሃይዳቲድ ሲስት፣ ከውሻ የሚተላለፈው ትል የሚሠራው የውሃ ከረጢት፣ በመርፌ የሚታከምበት ዘዴ አለ፤ መውጋት፣ መምጠጥ፣ መድኃኒት ማስገባት፣ መልሶ መምጠጥ። ሲነበብ ቀላል ነው። ነገር ግን ለሁሉም ዓይነት ሲስት አይሆንም፣ አልቤንዳዞል ቀድሞ መጀመር አለበት፣ ፈሳሹ ከፈሰሰ ሕይወት የሚያሳጣ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል መድኃኒቱና የሚያስተነፍስ ሰው አጠገባችሁ መሆን አለበት። እነዚህን ሦስቱን ያልጠቀሰ ጽሑፍ ካጋጠማችሁ ዝጉት።

የምንጩን ዕድሜ በሁለት ቁጥር ለኩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዋጋ ከፍዬበታለሁ።

አንድ ሆስፒታል እየሠራሁ ሳለ ከከሚሴ በኩል አንድ አባት መጡ። ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ መተንፈስ አስቸግሯቸዋል። ፕላትሌታቸው 38,000 ነበር። እኔ ያጠናሁት መጽሐፍ ከ50,000 በታች ከሆነ አትንካ ስለሚል «ፕላትሌት ይፈለግና ተመለሱ» አልኳቸው። ልጃቸው ደግፎ ይዟቸው ወጡ። ከሦስት ቀን በኋላ ሲመለሱ ብሶባቸው ነበር። ውሃው ወጣላቸው፣ ደህና ሆኑ፣ ግን ያ ሦስት ቀን አያስፈልግም ነበር። የአሜሪካው የኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ ማኅበር በ2012 ባወጣው መመሪያ ለቀላል ሥራዎችም ወለሉ 50,000 ነበር። በ2019 ያንን ቀይሮ ደም የማፍሰስ ስጋታቸው አነስተኛ ለሆኑ ሥራዎች፣ ከሆድ ውሃ ማውጣትን ጨምሮ፣ ወደ 20,000 አውርዶታል፤ እንደ ኔፍሮስቶሚና የጥልቅ አካል ባዮፕሲ (ናሙና መውሰድ) ላሉት ስጋታቸው ከፍ ላለው 50,000 እንዳለ ነው። መመሪያው ነበረ። እኔ ነኝ አሮጌ መጽሐፍ ይዤ የቆምኩት።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ምንጭ ሲመጣልኝ ሁለት ቁጥር እፈልጋለሁ። አንዱ ይኸው የፕላትሌት ቁጥር ነው። ሁለተኛው የዓይን ሌንስ የጨረር ገደብ። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን በ2011 በሙያው ለሚሠሩ ሰዎች ገደቡን በዓመት ከ150 ሚሊሲቨርት ወደ 20 ሚሊሲቨርት ዝቅ አድርጎታል፣ የአምስት ዓመት አማካይ ተወስዶ፣ በየትኛውም አንድ ዓመት ግን ከ50 ሳይበልጥ። መጽሐፉ አሁንም 150 የሚል ከሆነ ለአናቶሚው አንብቡት፣ ለቁጥሩ ግን አትመኑት። ስለ ቁጥር ሁልጊዜ ወደ ማኅበራቱ መመሪያ ሂዱ፣ መጽሐፍ ከመመሪያ ኋላ ነው የሚደርሰው።

ሳይከፈል የሚገኘው

ገንዘብ የለኝም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ቁምነገሩ ብዙው ነፃ ነው። ሂናሪ የሚባለው በዓለም ጤና ድርጅት በኩል የመጣው የጆርናል መግቢያ ኢትዮጵያን በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቷል። የሚሠራው በተቋም ስም ነው፣ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲያችሁን ወይም የሆስፒታላችሁን ላይብረሪ ኃላፊ የይለፍ ቃሉን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አለ፣ የሚጠይቅ ሰው ነው የጠፋው። «ሴሚናርስ ኢን ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ» የሚባለው ጆርናል በየእትሙ አንድ ርዕስ ይዞ ስለሚያብራራ ለተማሪ ይመቻል፣ የቆዩት እትሞች በፐብሜድ ሴንትራል ላይ በነፃ ይነበባሉ። የሰርሲ «ሲቪአይአር ኢንዶቫስኩላር» ከመጀመሪያውም ለሁሉም ክፍት ነው። ለምስል ራዲዮፒዲያ ይበቃችኋል።

ኔትወርኩና መብራቱ እንደልብ ስላልሆነ እኔ የሳምንቱን ሦስት ጽሑፍ እሑድ ሌሊት አውርጄ ስልኬ ላይ አስቀምጣለሁ። ሦስት ብቻ። ከዚያ በላይ ያወረድኩት ሳይነበብ ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የሙሂምቢሊን ተሞክሮ ፈልጋችሁ አንብቡ። ዳሬሰላም በሚገኘው በዚህ ሆስፒታል ከ2018 ጀምሮ የውጭ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ቴክኖሎጂስቶች በቡድን እየተፈራረቁ ታንዛኒያውያንን እዚያው አገራቸው ላይ አሠለጠኑ፣ ፕሮግራሙ ሮድቱአይአር ይባላል። የጻፏቸው ወረቀቶች ዕቃ ሲጎድል ምን እንዳደረጉ ስለሚናገሩ ለእኛ ከቦስተን ከሚመጣው ይቀርባሉ።

ቪዲዮ

ቪዲዮ ጥሩ ነው፣ ግን ሰውን ያዘናጋል። የሠራችሁ ይመስላችኋል። ስትመርጡ እጁንም ስክሪኑንም አንድ ላይ የሚያሳይ፣ ያልተቆራረጠ፣ የዕቃውን ቁጥር የሚናገር ይሁን። ዕቃውን የሚሸጠው ኩባንያ ያዘጋጀው ከሆነ ዕቃው እንዴት እንደሚከፈት ተማሩበት፣ ለማን እንደሚሆን ግን ከሌላ ቦታ አጣሩ። አንዴ ከነድምፁ እዩት፣ ሁለተኛ ድምፁን አጥፍታችሁ እያንዳንዱን እርምጃ በራሳችሁ አማርኛ ተናገሩ። የተደናቀፋችሁበት ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው። ለመንገድ ደግሞ ባክቴብል የሚባለውን ፖድካስት ጫኑ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ያለው የአውቶቡስ ቀን ረጅም ነው።

እጅ የሚማረው ከዕቃ ነው

በየትኛውም መጽሐፍ ቢሆን ቁጥሮቹ መጀመሪያ ያደናግራሉ፣ ስለዚህ አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የመርፌ ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። የካቴተር ፍሬንች ቁጥሩ ሲጨምር ቱቦው ይወፍራል፤ ሦስት ፍሬንች አንድ ሚሊሜትር ነው። ካቴተር የሚለካው በውጭ ስፋቱ ነው፣ ሺዝ፣ ማለትም ካቴተር የሚያልፍበት መግቢያ ቱቦ፣ ግን በውስጥ ስፋቱ፣ ስለዚህ ባለ 6 ሺዝ በቆዳ ላይ የሚተወው ቀዳዳ ከ6 ይበልጣል። 18 ጌጅ መርፌ 0.035 ኢንች ሽቦ ያሳልፋል፣ 21 ጌጅ ግን 0.018 ነው የሚያሳልፈው። ሽቦው መርፌው ውስጥ አልገባ ያለው ሬዚደንት ላብ ሲያጠምቀው ከማየት ይህን አንድ ማታ መሸምደድ ይሻላል።

ከዚያ ልምምድ። ከሥጋ ቤት አንድ ኪሎ የማይሞላ ወፍራም ሥጋ ግዙ። የጓንት ጣት ቆርጣችሁ ውሃ ሙሉበትና አየር ሳታስቀሩ እሰሩት፣ ሥጋውን ሰንጥቃችሁ መሃል ላይ ቅበሩት። ወይን ፍሬም ይሆናል፣ እሱ እንደ ትንሽ ዕጢ ይታያል። የአልትራሳውንዱን ፕሮብ በጓንት ወይም በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፍኑት፣ ለሕመምተኛ የሚውል ነውና ንጽሕናው አይቀለድበትም፣ ማሽኑንም አስፈቅዳችሁና ሥራ በሌለበት ሰዓት ነው የምትጠቀሙት። ዓላማው አንድ ነው፤ የመርፌው ጫፍ ሁልጊዜ ስክሪኑ ላይ ይታይ። ዘንጉን አይታችሁ ጫፉን ካላያችሁ ቁሙ፣ አትግፉ፣ ፕሮቡን አስተካክሉ። ይህ ልማድ እጃችሁ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ስለ ኢምቦላይዜሽን፣ ማለትም ደም ስር ስለ መዝጋት፣ ማንበቡ ይቆይ፣ አይጠፋም።

የሠራችሁትንና የረዳችሁትን ሁሉ ሎግቡክ ላይ አስፍሩ። ቀን፣ ሥራው፣ የተጠቀማችሁበት ዕቃ፣ የተፈጠረ ችግር። ሰርሲ ችግሮችን ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጣቸዋል፣ 6 ሞት ነው። ደረጃውን ጻፉ። ችግር የተፈጠረ ዕለት ማታ የምታነቡት ምዕራፍ በምንም ዓይነት የንባብ ፕሮግራም የማይተካ ነው፣ ያንን ሌሊት አታባክኑት።

በየትም የማታገኙት ምንጭ

ከላይ የጠቀስኩት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተኙት እናት ግን በእንግሊዝኛ አይፈሩም። ለሕመምተኛው የምትነግሩትን ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። ለእያንዳንዱ ሥራ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚያም፣ ምን ሊበላሽ እንደሚችል፣ ቱቦው ቤት ሲሄዱ እንዴት እንደሚያዝ። «ፐርኩቴኒየስ ድሬኔጅ» አይባልም፤ «እማማ፣ ጉበትዎ ላይ መግል ቋጥሯል፣ ቦታውን አደንዝዤ በቀጭን ቱቦ አወጣዋለሁ፣ ሲገባ ይጫንዎታል፣ ቱቦው ለቀናት አብሮዎት ይቆያል» ነው የሚባለው። ከዚያ የጻፋችሁትን ለአንዲት የቆየች ነርስ አንብቡላት። የእኛዋ እትዬ የመጀመሪያዬን ወረቀት አይታ «ይኼ ያስፈራል፣ አብሽሩ በላቸው መጀመሪያ» አለችኝ። ልክ ነበረች። አሁን የሁሉም ወረቀቴ የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው፣ ቀጥሎ ግን አደጋውን ሳልሸፍን እናገራለሁ፤ አብሽሩ ማለት መደበቅ አይደለም።

ቤተሰብም አለ። በወሎ ሕመምተኛ ብቻውን አይወስንም፣ ታላቅ ወንድሙ ወይም አንድ ሼህ ወይም ቄስ አብሮ ይመጣል። የፈቃድ ፊርማውን ከመጠየቃችሁ በፊት ለእሳቸውም አስረዱ፣ ሕመምተኛው ይሁንታውን ከሰጠ። ጥያቄያቸውን ጻፉት፣ ለሚቀጥለው ወረቀታችሁ ግብዓት ነው።

እኔ እስካሁን አምስት ወረቀት አለኝ፤ የመግል ቱቦ፣ ኔፍሮስቶሚ፣ የሐሞት ቱቦ፣ ባዮፕሲና የሆድ ውሃ። የኔፍሮስቶሚውን አንድ የከሚሴ ልጅ በኦሮምኛ መልሶልኛል፣ አራቱ ይቀራሉ። በባቲ በኩል ለሚመጡት ደግሞ በአፋርኛ የሚጽፍልኝ ሰው እየፈለግኩ ነው። ቋንቋውን የምትችሉ የጤና ባለሙያዎች ካላችሁ የሐሞት ቱቦውን ወረቀት አስቀድማችሁ ውሰዱልኝ፣ ቱቦውን ይዘው ቤታቸው የሚሄዱት እነሱ ናቸው።